የወሰኑ ድንጋይ ዕድሜ

አማካሪዬ በስልክ «ቢያንስ ሠላሳ ኪሎ ሰብስቢ» ሲሉኝ፣ ሠላሳ ኪሎ ድንጋይ ማለት ምን እንደሆነ አልገባኝም ነበር። ሠላሳ ኪሎ ጤፍ አውቃለሁ። ሠላሳ ኪሎ ቡና ተሸክሞ አቀበት የሚወጣ ሰውም በየቀኑ አያለሁ። ድንጋይ ግን ሌላ ነው፤ ጆንያ ውስጥ ሲገባ ጥግ ያወጣል፣ ጀርባ ላይ ሲወጣ ደግሞ እያንዳንዱን ጥግ ለየብቻው ያስተዋውቃል።

ያኔ ዲላ ባለው ዩኒቨርሲቲ ጂኦሎጂ አስተምራለሁ፤ ጎን ለጎን የሁለተኛ ዲግሪ ጥናቴን እሠራ ነበር። የጥናቱ ርዕስ ሁለት መስመር ይሞላል፤ ሲያጥር ግን እንዲህ ነው። በጥንት ዘመን የምድር ክፍሎች ተጋጭተው ትልቅ የተራራ ሰንሰለት ሲፈጠር፣ የቀለጠ አለት ከታች ወደ ላይ ሰርጎ ገብቶ ቀስ ብሎ ቀዘቀዘና ግራናይት ሆነ። ተራራውን ዝናብና ነፋስ በልተው ጨርሰውታል፤ ሥሩ ግን ዛሬም አለ። እኔ ማወቅ የፈለግሁት ግራናይቱ መቼ እንደገባ ነው። ዲላ ዙሪያ ያለው አለት ለዚህ አይሆንም፤ እሳተ ገሞራ በኋላ የተፋው ስለሆነ ገና ልጅ ነው። አሮጌውን የሚያገኙት ወደ ደቡብ ሄደው፣ ከጨለለቅቱ አልፈው፣ መሬቱ ወደ ቆላ መውረድ ሲጀምር ነው።

እስከ ጨለለቅቱ በአውቶቡስ ሄድኩ፤ ከዚያ በሞተር፤ ሞተሩ አልወጣም ሲል በእግር። የፈለግሁትን ድንጋይ ያገኘሁት በእንሰትና በቡና መካከል ነው። የተኛ ዝሆን የሚመስል፣ ንጹሕ፣ ያልበሰበሰ ግራናይት። ላዩ ላይ አንድ ሽማግሌ ቁጭ ብለዋል።

«ምን ትፈልጋለህ?» አሉኝ። ሽማግሌው አማርኛ የለመዱት ገበያ ላይ ስለሆነ ወንድና ሴት በመለየት ብዙ አይጨነቁም። እኔም አላረምኳቸውም።

«ከዚህ ድንጋይ ትንሽ ሰብሬ ልውሰድ ብዬ ነው፣ አባባ።»

«ትንሽ ስንት ነው?»

«ሠላሳ ኪሎ።»

ከድንጋዩ ወርደው አንድ ጊዜ ዞሩት። ሠላሳ ኪሎ ሲጎድልበት ምን እንደሚመስል እየገመቱ መሰለኝ። «ለምን?»

«ዕድሜውን ለማወቅ።»

«ድንጋይ ዕድሜ አለው?»

«አለው።»

«ይታወቃል? በእርግጥ ይታወቃል?»

«በመሣሪያ ይታወቃል» አልኩ።

ይህን ስል የሽማግሌው ፊት በራ። እጄን ይዘው ወደ ጥላ ወሰዱኝና ጉዳዩን አጫወቱኝ። ጎረቤታቸው «ይህን ድንጋይ አያቴ አንከባሎ አምጥቶ የወሰን ምልክት አድርጎ ያቆመው ነው» ይላሉ። እንደ ጎረቤትየው ከሆነ ወሰኑ ድንጋዩ ጋ ነው። እንደ ሽማግሌው ግን ድንጋዩን ማንም አላመጣውም፤ ወሰኑም ከድንጋዩ ወደ ጎረቤትየው በኩል አለፍ ብሎ ያለው ቦይ ነው። በድንጋዩና በቦዩ መካከል ጥቂት የቡና ዛፎች አሉ። ለእነዚህ ዛፎች ሲባል ጉዳዩ ስንት ዓመት ሙሉ ሶንጎ ላይ፣ ማለትም የቀዬው ሽማግሌዎች በሚዳኙበት ዛፍ ሥር፣ ሲነሳና ሲወድቅ ኖሯል።

«አያቱ ዛሬ ቢኖር ስንት ይሆነዋል? መቶ ሃያ በለው» አሉ ሽማግሌው። «ድንጋዩ ከመቶ ሃያ ከበለጠ ነገሩ አለቀ። አንተ መጥተህ ለሶንጎ ትናገራለህ።»

«ከመቶ ሃያ መብለጡን አሁኑኑ ልነግርዎት እችላለሁ።»

«አይሆንም» አሉ። «በመሣሪያ።»

ቃል ገባሁ። መዶሻዬን ተቀብለው በዕድሜያቸው ካሰብኩት በላይ ኃይል ባለው ክንድ ጥጉን መቱልኝ። ድምፁን የሰሙት ጎረቤትየው ከእንሰቱ ጀርባ ብቅ አሉ። ረጅም ናቸው፤ ወታደር ቤት የቆዩ በመሆናቸው አማርኛቸው ቀጥ ያለ ነው። ባርኔጣቸውን አንስተው እኔን ሰላም አሉኝ፤ ሽማግሌውን አላሉም።

«የአያቴን ድንጋይ በደንብ ያዢው፣ ልጄ» አሉና ተመለሱ።

ወደ ዲላ ስመለስ የአውቶቡሱ ረዳት ጆንያውን ሊያነሳ ጎንበስ ብሎ እንደገና ቀና አለ። ምን እንደሆነ ጠየቀኝ። ድንጋይ ነው አልኩት። «ካልፈለግሽ አትንገሪኝ» አለኝና እስከ ይርጋጨፌ አኮረፈኝ።

ቀጣዩ ሥራ መፍጨት ነበር። ዕድሜውን የሚነግረን ድንጋዩ ራሱ ሳይሆን፣ ውስጡ ተበትነው ያሉ ዚርኮን የሚባሉ ክሪስታሎች ናቸው። ከአሸዋ ቅንጣት ያንሳሉ። እነሱን ለማውጣት ድንጋዩ እንደ ዱቄት መድቀቅ አለበት። አዲስ አበባ ላቦራቶሪ ያለው መፍጫ ተበላሽቶ ነበር። ዲላ ያለ የእህል ወፍጮ ቤት ሄድኩ፤ ባለቤቱ ጥያቄዬን በትዕግሥት እስከ መጨረሻው ሰምተው «እኅቴ፣ ሰው እንጀራው ውስጥ ጥርሱን ሲሰብር ወደ አንቺ ልላከው?» አሉኝ። በመጨረሻ አንድ ጋራዥ ከአሮጌ የጭነት መኪና ብረት ሙቀጫና ዘነዘና ቆርጦ ሠራልኝ።

የምኖረው ጡረታ የወጡ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ግቢ ውስጥ፣ ከጓሮ ባለች አንዲት ክፍል ነበር። ሰፈሩ ሁሉ «ቲቸር» ነው የሚላቸው። ከሥራ ስመለስ በየቀኑ እስኪመሽ ድረስ እወቅጣለሁ። በመጀመሪያው ቀን ጎረቤቶቻችን በርበሬ መሰላቸው። በሁለተኛው ቀን «ሠርግ አለ እንዴ?» ብለው ጠየቁ። በአራተኛው ቀን ጥያቄው ቆመ፤ እሱ ነው ያሳሰበኝ። ለካ ወሬው በስሎ አልቆ ነበር። ተከራይዋ መምህርት ወደ ጉጂ ወርዳ ወርቅ ያለበት ድንጋይ አምጥታለች፤ በጓሮ ትወቅጣለች፤ ቲቸርም ድርሻ አላቸው።

ከቀበሌ ወረቀት መጣ። ቲቸር መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡትና «‹ትቀርቢ ዘንድ› የሚለውን ተሳስቶ ጽፎታል» አሉ። ነጠላቸውን ደርበው አብረውኝ ወጡ።

የቀበሌው ሊቀመንበር ከጠረጴዛው ጀርባ ኮስተር ብሎ ጠብቆን ነበር። ቲቸርን ሲያይ ከመቀመጫው ተነሳ።

«ቁጭ በል» አሉት። ቁጭ አለ። በኋላ እንደነገሩኝ ሦስተኛ ክፍል ያስተማሩት እሳቸው ናቸው።

«ቲቸር፣ ጥቆማ ስለደረሰን ነው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ወርቅ ይወቀጣል የሚል።»

«ወርቅ የለውም» አልኩ። «የምፈልገው ዚርኮን የሚባል ነው።»

«ይሸጣል?»

«የእኔው ማንም አይገዛውም። በዓይን እንኳ አይታይም። የሚጠቅመው ውስጡ ትንሽ ዩራኒየም ስላለ ነው።»

ሊቀመንበሩ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አደረገ። በዚያች ቅጽበት ወርቅ ቢሆን ኖሮ ሁላችንም እንደምንረጋጋ ገባኝ።

ፈጥኜ ማስረዳት ጀመርኩ። «ዚርኮን ሲፈጠር ጥቂት ዩራኒየም ይቀበላል፤ እርሳስ ግን አያስገባም። ከዚያ በኋላ ዩራኒየሙ በታወቀ ፍጥነት፣ በጣም በዝግታ፣ ወደ እርሳስ ይለወጣል። ስለዚህ ውስጡ የምናገኘው እርሳስ እዚያው የተወለደ ነው። ሁለቱን ለክተን ስናነጻጽር ስንት ዘመን እንዳለፈ እናውቃለን።»

ሊቀመንበሩ በጥንቃቄ እያዳመጠ ነበር። «እርሳስ» አለ። ጠረጴዛው ላይ ያለችውን ቢጫ እርሳስ አነሳ። «ይሄ?»

«ብረቱን እርሳስ ነው የምትለው» አሉ ቲቸር። «የመጻፊያው ውስጥ እርሳስ የለም፤ ስሙ ብቻ ነው። አስተምሬሃለሁ።»

«አዎ፣ አስታወስኩ» አለ። እንዳላስታወሰ ሦስታችንም አውቀናል።

መጨረሻ ላይ ቃለ ጉባኤ ተጻፈ። የተወቀጠው ነገር «ወርቅ ያልሆነ ድንጋይ» ተብሎ ተመዘገበ፤ ከአሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ እንዳይወቀጥ ተወሰነ፤ አንድ እፍኝ ለናሙና ቀበሌው መሳቢያ ውስጥ ገባ። ስንወጣ ሊቀመንበሩ ቀስ ብሎ «አደጋ የለውም አይደል?» አለኝ። የለውም አልኩት። ቢሆንም መሳቢያውን በእርሳሱ ጫፍ ገፍቶ ሲዘጋው አይቻለሁ።

ዱቄቱ ከተዘጋጀ በኋላ መታጠብ ነበረበት። ዚርኮን ከባድ ስለሆነ ውኃ ውስጥ ሌላው ሲሄድ እሱ ይቀራል፤ መጽሐፉ እንዲህ ይላል። እኔ በላስቲክ ሳህን ሳጥብ ግን ከባዱም ቀላሉም አብሮ ይሄዳል። አንድ እሑድ የቲቸር ታናሽ እኅት ከጨለለቅቱ መጡ። እሳቸው ዘመናቸውን በሙሉ ቡና ማጠቢያ ጣቢያ የሠሩ ናቸው። ከቸርች መልስ ጓሮ ወንበር አውጥተው ለጥቂት ጊዜ ሲመለከቱኝ ቆዩ።

«ፍሬው የቱ ነው?» አሉኝ።

«ከሁሉ የሚከብደው።»

«ታዲያ ለምን ታባሪዋለሽ?» ተነስተው ሳህኑን ተቀበሉኝ፤ አልወደዱትም። ከቲቸር ጓዳ ሰፋ ያለ የእንጨት ገበቴ አወጡ። የእሑድ ቀሚሳቸውን ከጉልበታቸው ላይ ሰብሰብ አድርገው፣ ውኃውን በዝግታ እያዞሩ፣ በየዙሩ ጫፉን ትንሽ እያዘነበሉ ነጩን አሸዋ ሸኙት። የተቀረው ሥር ላይ እንደ ጥቁር ክር ተዘረጋ። «ውኃን አታጣድፊው። ቡናም እንዲሁ ነው፤ ደህናው ፍሬ ቦዩ ውስጥ ይሰምጣል፣ ገለባው ላይ ላዩን ይሄዳል።»

እስከ ማክሰኞ ቆይተው ሙሉውን አጠቡልኝ። ሲጨርሱ የቀረውን አዩት፤ ሁለት ማንኪያ አይሞላም። «ሠላሳ ኪሎ ገብቶ ይሄ ብቻ ነው የሚወጣው?» አሉ። «እኛ ጋ እንዲህ ቢሆን ጣቢያው ይዘጋል።»

ከጥቁሩ አሸዋ ብረታማውን ማግኔት ጎትቶ አወጣው፤ የአዲስ አበባው ላቦራቶሪ ደግሞ ይበልጥ አጠራው። ከዚያ የቀረው ማይክሮስኮፕ ሥር ተቀምጦ ዚርኮኖቹን በመርፌ ጫፍ አንድ በአንድ መልቀም ነው። ደስ ይላሉ። ረጃጅም፣ ጫፋቸው የሾለ፣ ፈዘዝ ያለ የማር ቀለም አላቸው። በሦስት ሳምንት ውስጥ ሁለት መቶ ያህል ለቅሜ አንዲት ትንሽ የብርጭቆ ሳህን ላይ አስቀመጥኩ። አንገቴ አልዞርም ብሎ ነበር፤ ግን በሕይወቴ እንደዚያን ሳምንት የኮራሁበት ጊዜ አላስታውስም።

የዩኒቨርሲቲያችን የማይክሮስኮፕ ክፍል መስኮት የሚከፈተው ወደ መምህራን ካፌ ጓዳ ነው። ዓርብ ዕለት በርበሬ አመሱ።

አነጠስኩ።

ሳህኗ አልተገለበጠችም፤ ባዶ ሆነች እንጂ። ለትንሽ ጊዜ ትንፋሼን ይዤ ተቀመጥኩ፤ ትንፋሼን መያዝ የነበረብኝ ቀደም ብሎ ነበር። ከዚያ በሩን ቆለፍኩ፣ ጫማዬን አወለቅሁና በአዲስ የቀለም ብሩሽ ወለሉን መጥረግ ጀመርኩ። የጽዳት ሠራተኛዋ አንኳኩታ «ልወልውል?» አለች። «ዛሬ እኔ ነኝ የምወለውለው» አልኳት። በቁልፉ ቀዳዳ አይታኝ ይሆናል፤ ሰኞ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ጠርተው ዕረፍት መውሰድ እፈልግ እንደሆነ በትሕትና ጠየቁኝ።

ትቢያውን ቤት ወስጄ፣ ቲቸር ያዋሱኝን ገበቴ ይዤ፣ ውኃውን ሳላጣድፍ አጠብኩት። የጠመኔ ብናኝ፣ የዳቦ ፍርፋሪና ዓመት ሙሉ የፈለግሁት የጆሮ ጌጤ ወጣ። ከዚርኮኖቹም ከግማሽ በላይ ተገኙ። ይበቁ ነበር።

እሽጉ ከክብሪት ሳጥን አይበልጥም። ውጭ አገር ወደሚለካበት ላቦራቶሪ ከመላኩ በፊት ቲቸር እጃቸውን ጭነውበት ጸለዩ። ረጅም ጸሎት ነበር፤ ፖስታ ቤቱ ሊዘጋብን ሲል «አሜን» አልን።

ውጤቱ ከወራት በኋላ በኢሜይል መጣ። ፍሬዎቹ ሁሉም ማለት ይቻላል ተስማምተዋል፤ ግራናይቱ ከስድስት መቶ ሚሊዮን ዓመት በላይ ነው። ሁለቱ ብቻ ከዚያም እጅግ የቆዩ ነበሩ፤ የቀለጠው አለት ወደ ላይ ሲወጣ ከመንገዱ የለቀማቸው የሌላ ጥንታዊ ድንጋይ ቅሪቶች ናቸው። ለቲቸር ይህን ሳስረዳ ግራ ተጋቡ።

«ከእናታቸው የሚበልጡ ልጆች አሉ ነው የምትይኝ?»

«የእንጀራ ልጆች ይበሏቸው።»

«እንደዚያ ከሆነ ይገባኛል» አሉ። ስድስት መቶ ሚሊዮኑን በተመለከተ አልተከራከሩኝም። «ጌታ ጊዜ አያጥረውም» አሉና ወደ ሥራቸው ሄዱ።

ቃሌን አክብሬ ወረድኩ። ሶንጎው ሞልቶ ነበር። ሽማግሌው ነጭ ጋቢ ለብሰው ከፊት ተቀምጠዋል፤ ጎረቤትየው ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ከማዶ። የታተመውን ግራፍ ከፍ አድርጌ ሁሉን ነገር ተናገርኩ። አንድ ሰው ወደ ጌዲኦኛ ይተረጉምልኝ ነበር፤ ቁጥሩ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ሚሊዮን ስንት መቶ ነው?» አለኝ።

«አሥር ሺህ መቶ።»

«ስድስት መቶ ጊዜ?»

«ስድስት መቶ ጊዜ።»

አሰበና አንድ አጭር ቃል ተናገረ። ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ። «ብዙ» ያለ ይመስለኛል።

ሽማግሌው ዞረው ሕዝቡን ተመለከቱ። ጎረቤትየው ቀስ ብለው ተነሱ።

«ልጄ፣ ስለ ድካምሽ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ። አያቴ ድንጋዩን ወለደው ያለ ሰው አለ?»

«የለም» አልኩ።

«አንከባለለው ነው ያልነው። ሲያንከባልለው ስድስት መቶ ሚሊዮን ዓመቱ ነበር። ምን አለበት? እኔ ራሴ ሰባ ሊሞላኝ ነው፤ እዚህ የተቀመጥኩት ግን ዛሬ ጠዋት ነው።»

መልስ ፍለጋ ግራፌን ተመለከትኩ፤ እሱም አልነበረውም። ያ ሁሉ ውቀጣ፣ ቃለ ጉባኤው፣ በርበሬው፣ ጸሎቱ፣ ሁሉም አንድ ባርኔጣ የያዙ ሰው ፊት ተንኖ ጠፋ። ሽማግሌው እኔን አዩኝ፤ «መሣሪያው ይሄን አይልም?» የሚል አስተያየት ነበር።

እስከዚያ ድረስ አንዲት ቃል ያልተናገሩ፣ ምርኩዛቸው ላይ አገጫቸውን ያስደገፉ አንድ ሌላ አዛውንት በጌዲኦኛ አጭር ነገር ጠየቁ። አስተርጓሚው ወደ እኔ ዞረ። «ሥሩን ያየ ሰው አለ ወይ ነው የሚሉት።»

ያየ አልነበረም። ዶማና አካፋ መጣና ሶንጎው በሙሉ ተነስቶ ወደ ድንጋዩ ሄደ። አራት ጎልማሶች ከጎኑ መቆፈር ጀመሩ። ጉልበት ድረስ ቆፈሩ፤ ድንጋዩ ይቀጥላል። ወገብ ድረስ ቆፈሩ፤ እንዲያውም ወደ ታች እየሰፋ ሄደ። አንዱ ጎልማሳ ጉድጓዱ ውስጥ ሆኖ በዶማው እጀታ ወዲህም ወዲያም ነካካውና «ይሄ ድንጋይ አይደለም፤ አገር ነው» አለ። ወደ ሽማግሌው ማሳም፣ ከቦዩ ማዶ ወደ ጎረቤትየው ቤትም ከአፈሩ ሥር ይዘልቃል። ይህን ማንም አያቱን ቢጠራ አያንከባልለውም።

ሁሉም ነገር ያለቀው አንድ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ነው። አዛውንቱ ምርኩዛቸውን ይዘው አጠገቤ መጡና በተሰባበረ አማርኛ «ዩኒቨርሲቲ፣ ዶማ የለውም?» አሉኝ። ያሳፈረኝ ሌላ ነገር ነው። ገና በመጀመሪያው ቀን፣ ማስታወሻ ደብተሬ ላይ «ከሥሩ ያልተነቀለ አለት» ብዬ በእጄ ጽፌ ነበር። ማንም ግን ድንጋዩ ሥር አለው ወይ ብሎ አልጠየቀኝም፤ ዕድሜውን ነው የጠየቁኝ፤ እኔም የተጠየቅሁትን ልመልስ ከዓመት በላይ ደከምኩ።

ጎረቤትየው መጥተው ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ቆሙ። ፊታቸው ላይ ሽንፈት አልነበረም፤ ሌላ ነገር ነበር። «እንግዲያው አያቴ ዋሽቶናል» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን።

ከመጣሁ ጀምሮ ሁለቱ ሲነጋገሩ አይቼ አላውቅም። ሽማግሌው ጋቢያቸውን እየሰበሰቡ ጠጋ አሉና፣ እኔም እንድሰማ ይሁን ወይም ለክብር፣ በአማርኛ ተናገሩ። «አልዋሸም። አያትህ ጉልበተኛ ነበር፤ አባቴ ይነግረኝ ነበር። ሊያንከባልለው ሞክሮ ይሆናል። ሲሞክር ያየ ሰው ነው የቀረውን ያወራው።»

ጎረቤትየው ሳቁ። ከዚያ በኋላ ሽምግልናው ቀላል ሆነ። ወሰኑ ቦዩ ሆኖ ጸና፤ በመካከል ካሉት ዛፎች ውስጥ ጎረቤትየው በእጃቸው የተከሏቸውን ሦስቱን እንዲለቅሙ ሽማግሌው ራሳቸው ጠየቁ። ቆጮ ቀረበ፤ በላን።

ልሄድ ስነሳ ጎረቤትየው መንገድ ላይ ጠብቀው አስቆሙኝ። «ልጄ፣ የለካሽው በእሱ በኩል ያለውን ነው። በእኔ በኩል ያለው ስንት ዓመቱ ነው?»

«ያው ነው አባባ። አንድ ድንጋይ እኮ ነው።»

«ለካሽው?»

«አልለካሁትም።»

«እንግዲያው አታውቂም።»

ለአክብሮት ያህል ከጓሯቸው ብቅ ካለው ግራናይት ቡጢ የምታህል ቁራሽ ሰብሬ ቦርሳዬ ውስጥ ላስገባ ስል እጄን ያዙኝ። ቁራሿን አይተው ወደ ሽማግሌው ማሳ አሻግረው ተመለከቱ።

«ለእሱ ጆንያ፣ ለእኔ ጠጠር?» አሉ።

እውነታቸውን ነበር። ጆንያ እንዲያመጡልኝ ጠየቅኋቸውና መዶሻዬን መልሼ አወጣሁ።